አዲስ ሞቶር እንደ በቅሎ ይገራል

በኢሉባቦር ቡና ተለቅሞ፣ ተሽጦ፣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት በበጋው ወራት በመቱ ከተማ የሞቶር ብስክሌት ድምፅ ይበዛል። ዕቁብ የወጣለት አስተማሪ፣ ከውሎ አበሉ እየቆጠበ የከረመ የግብርና ሠራተኛ፣ የጤና ጣቢያ ባልደረባ፣ የቡና ነጋዴ ልጅ፣ ሁሉም በየፊናው አዲስ ሞቶር ገዝቶ ዋናው መንገድ ላይ ብቅ ይላል። ወዳጅ ዘመድ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል፤ ቡና ይፈላል፤ ፈንዲሻ ይቀርባል። ሕፃናቱም የሞቶሩን መስተዋት ለመንካት ይሻማሉ። ከዚያም ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ ጎረምሳ ይነሣና «ለመሆኑ ስንት ትሮጣለች?» ብሎ ይጠይቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙ አዲስ ሞቶር ያለ ዕድሜው የሚያረጀው ከዚህች ጥያቄ የተነሣ ነው። ባለቤቱ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በሥራ ሊመልስ ይነሣል፤ ጠያቂውን ከኋላው ያፈናጥጣል፤ ያን ዕለት ማታ የብዙ ወር ደመወዝ የወጣበትን መኪና እስከ መጨረሻው ጨምቆ ይነዳዋል። ሞቶሩ በዚያ ቀን አይሰበርም፤ በማግሥቱም አይሰበርም። በዓመቱ ግን ዘይት መጠጣትና ሰማያዊ ጭስ መትፋት ይጀምራል፤ ዳገት ላይም ያቃስታል። ባለቤቱ «ፋብሪካው ነው፤ ድሮ የሚሠራው ሌላ ነበር» እያለ ያማርራል። በሽታው የገባው ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ አሳምረው ያውቁት ነበር። በ1894 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902) አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀዱ በኋላ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወርድ ነበር። ከጋምቤላም ባሮ በክረምት በሚሞላበት ጊዜ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ ግልገል በቅሎ ገዝቶ በማግሥቱ ሁለት ጆንያ ቡና ጭኖ ወደ በረሃው አይነዳትም። መጀመሪያ ልጓም ያስለምዳታል፤ ቀጥሎ ባዶ ኮርቻ ይጭንባታል፤ ከዚያም ቀላል ጭነት አስይዞ ወደ ቅርብ ገበያ ይወስዳታል። ገርቶ ካበቃ በኋላ ነው ለረጅሙ መንገድ የሚሆነውን ዕቃዋን የሚያሰናዳላት። ለአዲስ ሞቶርም ሥርዐቱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ መግራት፣ ቀጥሎ ማሰናዳት። መካኒኮቻችን የመጀመሪያውን «ሮዳጅ» ይሉታል።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ወደ ሞተሩ ውስጥ እንግባ። ሲሊንደር ማለት ፒስቶን እየወጣና እየወረደ የሚመላለስበት ክብ ቀዳዳ ነው። በፒስቶኑ ዙሪያ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የብረት ቀለበቶች አሉ። የፋሻው ሥራ ሁለት ነው፤ ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይከለክላል፤ ከታች ያለው ዘይትም ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቃጠል ይጠርጋል።

አዲስ ሲሊንደር በዓይን ሲታይ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ቢመረመር ግን ፋብሪካው ሆነ ብሎ ያበጃቸው፣ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩበታል። በጭረቶቹ ውስጥ ዘይት ይቀመጣል፤ የጭረቶቹ ጫፍ ደግሞ ፋሻውን እንደ ሞረድ እየሞረደ ከሲሊንደሩ ጋር ያስማማዋል። ይህ መስማማት የሚፈጸመው ሞቶሩ በተነዳባቸው በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ነው። ጫፎቹ አንድ ጊዜ ከተበሉ በኋላ ሞረድነታቸው ያከትማል። ስለዚህ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ካለፈ የሚመለሰው ሞተሩ ተፈትቶ፣ ሲሊንደሩ እንደገና ተሠርቶ፣ ፋሻው ተለውጦ ነው። ይህም ለደመወዝተኛ የሚቀል ወጪ አይደለም።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ፋሻውን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቀው የራሱ መለጠጥ ብቻ አይደለም፤ የሚቃጠለው ጋዝ ከጀርባው እየገባ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ግፊቱ ይበረታል፤ ሲለቅ ይላላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰዎች ሞቶራቸውን ያበላሻሉ።

አንደኛው ችኩሉ ነው። ገና ያልተስማሙትን ብረቶች በከፍተኛ ፍጥነት ሲያፋጫቸው ሙቀት ይበዛል፤ ዘይቱ ይሳሳል፤ ፒስቶኑ ይፋፋቃል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የተባለው ለእርሱ ነው።

ሁለተኛው ከመጠን በላይ የሚሳሳው ነው። ይህ ሰው ሞቶሩን እንደ ዕንቁላል ይዞ፣ በአራተኛ ማርሽ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያንቀጠቀጠ ይነዳል። በሰፈሩ «አስተዋይ» ይባላል። በሞተሩ ውስጥ ግን ጋዙ ፋሻውን የሚገፋበት ኀይል አጥሮታል፤ ሞረዱ ሥራውን አልሠራም፤ ዘይቱ በግድግዳው ላይ እየተቃጠለ እንደ ቫርኒሽ ያለ ልባስ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ሳይተዋወቅ ይኖራል። ሞተሩን በከባድ ማርሽ እያነቁ በዝግታ መጎተት በፍጥነት ከመጋለብ የማይተናነስ ጉዳት አለው።

መካከለኛው መንገድ ይኸው ነው። ጠዋት ሲያስነሡ ዘይቱ እስኪዳረስ ድረስ ጥቂት ይጠብቁ እንጂ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንዲሠራ አይተዉት። ሲነሡ በመጠኑ ነዳጅ ይስጡ፤ ይልቀቁ፤ እንደገና ይስጡ። ማርሹን በጊዜው ይቀይሩ። በአንድ ፍጥነት ለብዙ ጊዜ አይንዱ። የእጅ ነዳጁን እስከ መጨረሻው አይጠምዝዙ።

ሃያ ጊዜ ወደ ጎሬ

አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ለሮዳጅ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስናሉ፤ እስከ 2000 የሚያደርሱም አሉ። ከሞቶሩ ጋር የሚሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ ከማንም መካኒክ፣ ከእኔም ቃል ይበልጣልና ከመንዳትዎ በፊት ያንብቡት። ብዙ ሰው መጽሐፉን ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረዋል።

ለመቱ ነዋሪ እግዚአብሔር ጥሩ የመግሪያ ሜዳ ሰጥቶታል። ከመቱ እስከ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 50 ይሆናል። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎሬ 2000 ሜትርን ታልፋለች። ስለዚህ መንገዱ ዳገትም ቁልቁለትም ጠመዝማዛም አለው። ዳገቱ ሲሆን ሞተሩ ይሠራል፤ ቁልቁለቱ ሲሆን ያርፋል፤ ጠመዝማዛው ሲሆን ማርሽ ይቀየራል። አዲስ ሞተር የሚፈልገውም ይህንኑ መለዋወጥ ነው። ጎሬ ሲደርሱ ከአንዱ ቡና ቤት ተቀምጠው ቡናዎን እስኪጠጡ ድረስ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ መሞቁና መቀዘቀዙም ብረቶቹን እርስ በርሳቸው ያለማምዳቸዋል። ጎሬ 20 ጊዜ ደርሰው ቢመለሱ 1000 ኪሎ ሜትሩ ይሞላል። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ፣ እሑድ ሁለት ጊዜ ቢሄዱ በአምስት ሳምንት ይፈጸማል። ለአንድ ሞቶር ዕድሜ አምስት ሳምንት ትዕግሥት ብዙ አይደለም።

አካሄዱን በሦስት እንክፈለው። በመጀመሪያው 150 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሞተሩ ይበልጥ ስለ ጎማውና ስለ ፍሬኑ ያስቡ። አዲስ ጎማ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ጥቂት እስኪሻክር ድረስ በመታጠፊያ ላይ ብዙ አይዘንበሉ። የፍሬኑ ሸራም ከብረቱ ጋር እስኪስማማ ድረስ በደንብ አይዝም። ከዚያ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ከግማሽ ነዳጅ አይለፉ፤ 150 ሲሲ ለሆነ ሞቶር በከፍተኛው ማርሽ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። ከ500 እስከ 1000 ድረስ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ከፍ ያድርጉት፤ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ። በዚህ ሁሉ ወራት ሰው አያፈናጥጡ፤ ጆንያም አይጫኑ። ወዳጅዎ ቢቀየም ቡና ጋብዘው ያስታርቁት።

የመጀመሪያው ዘይት

ብረት ከብረት ሲሞራረድ ዱቄቱ የትም አይሄድም፤ ወደ ዘይቱ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘይት ምንም አዲስ ቢሆን በመመሪያው በተጻፈው ጊዜ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር መካከል፣ መለወጥ አለበት። ዘይቱን በነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያያሉ። ይህን ያየ ሰው ዘይት መለወጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለተኛ አይጠይቅም።

በዘይት ምርጫ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአብዛኛው ሞቶር ብስክሌት ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚነከሩት በአንድ ዘይት ውስጥ ነው። በመኪና ግን እንዲህ አይደለም። ለአንዳንድ መኪና የሚሠራ ዘይት ፍትጊያን የሚቀንስ መድኀኒት ስላለበት የሞቶሩን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይፈጥንም። ለዚህ ሲባል ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ለሞቶር ዘይት ልዩ ደረጃ አወጡ። በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚስማማ ነው። ዘይት ሻጩ «ሁሉም ዘይት ዘይት ነው» ቢልዎ አመስግነው ወደ ሌላው ሱቅ ይሂዱ።

በመጀመሪያው ምርመራ ዘይት ብቻ ለውጦ መመለስ አይበቃም። አዲስ ሞቶር እየተርገፈገፈ ሲሄድ ዳዶውና ብሎኑ ይላላል፤ አንድ በአንድ መጥበቅ አለበት። የቸርኬው ሽቦዎች ይላላሉ፤ በመፍቻ እየነኩ ድምፃቸውን ቢሰሙ የላላው ከጠበቀው እንደ ክራር ጅማት ይለያል። ሰንሰለቱም በአዲስነቱ ቶሎ ይረዝማል። መካከሉን በጣት ሲያነሡት በብዙ ሞቶር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህ ከላላ ይዘላል፤ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል። የቫልቩ ክፍተትም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ይለካል።

ነዳጁን በሚመለከት፣ ቤንዚን በማደያ በማይገኝበት ቀን በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ለመግዛት የማይገደድ የለም። ነገር ግን አንዳንዱ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ወይም ውኃ የገባበት ነው። በሮዳጅ ወራት እንዲህ ያለውን መሸሽ ይሻላል። ግድ ከሆነ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ከታች የተኛ ውኃ መኖሩን ይመልከቱ፤ በንጹሕ ጨርቅም አጥልለው ይቅዱ።

ነጂውም ይገራል

እስካሁን ስለ ብረቱ ተናገርን። በነዚያ 1000 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የሚገራው ግን ብረቱ ብቻ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ማውጣትና መንዳት መቻል አንድ አይደለም፤ አዲስ ሞቶርና አዲስ ነጂ ሲገናኙ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ኢሉባቦር የዝናብ አገር ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ውስጥ እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ከተሞች አንዷ ናት። አስፋልቱ ሲርስ፣ ከደኑ የረገፈ ቅጠል ሲተኛበት፣ ከገጠር የመጡ መኪናዎች ቀይ ጭቃ ሲያራግፉበት መንገዱ እንደ ሳሙና ይሆናል። ተማሪ አንባቢዎቼ በፊዚክስ ትምህርታቸው ያገኙትን እዚህ ላይ ያስታውሱ፤ መኪናን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ የፍጥነቱን ስኩዌር ተከትሎ ያድጋል። እስቲ እናስላው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ ላይ 4 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው 9 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ግን 35 ሜትር ያህል ይፈጃል። ፍሬን ለመያዝ እስኪያስብ የሚያልፈውን አንድ ሰከንድ ብንጨምርበት የመጀመሪያው በ17 ሜትር፣ ሁለተኛው በ51 ሜትር ይቆማል። ከመታጠፊያው ማዶ ላም ቆማ ከሆነ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ብዙ ሰው ከብስክሌት ባመጣው ልማድ የፊት ፍሬን ይፈራል። ሞቶር ሲቆም ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ፍሬን ነው። ባዶ ሜዳ ፈልገው፣ ሞቶሩ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን በአንድነት፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እያጠበቁ መያዝን ይለማመዱ። ፍሬን በድንገት አይነቅ፤ በመታጠፊያ ውስጥም አይያዝ፤ ከመታጠፊያው በፊት ተይዞ ይለቀቅ እንጂ።

ኮርቻውና ልጓሙ

አሁን ሞቶሩ ተገራ እንበል። ለረጅም መንገድ የሚሆነውን ዕቃ ለመጨመር ጊዜው ነው። እዚህ ላይ ወጣቱ ሁሉ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለዓይን በሚስበው ነገር ላይ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው ዕቃ በሞቶሩ ላይ የሚታሰር አይደለም፤ በራስ ላይ የሚደፋ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የብዙ አገሮችን ጥናት አሰባስቦ የመረመረ ሥራ የራስ መከላከያ ቆብ፣ ማለት ሄልሜት፣ ለሞቶር ነጂ የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን የሚያድነው መሪውን ብቻ ነው። አገጭን የሚሸፍን፣ ማሰሪያው የማይላላ ይምረጡ፤ ለሚያፈናጥጡትም ሰው ሁለተኛ ይግዙ።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ ብዙውን ጊዜ ለከተማ አስፋልት የታሰበ ነው። ሥራዎ በመቱና በበደሌ መካከል ብቻ ከሆነ ይበቃዎታል። የወረዳ ትምህርት ቤት ለመጎብኘት ወደ አልጌ ወይም ወደ ዲዱ የሚሄዱ ከሆነ ግን ጥርሱ ጎላ ያለ ጎማ ያስፈልግዎታል። ጥርሱ ከመጠን በላይ የጎላውም አስፋልት ላይ ያንሸራትታልና መካከለኛውን ይምረጡ።

ሦስተኛው የጭነት መያዣ ነው። ዕቃ ከኋላ ከፍ ብሎ በተከመረ ቁጥር የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልላል። ጥሩ መያዣ ከግራና ከቀኝ ዝቅ ብሎ ወደ መካከል የተጠጋ ነው፤ በበቅሎ ላይ ጭነት በሁለት ጎን እኩል እንደሚታሰር ማለት ነው። በከተማችን ያሉ ብረት በያጆች ናሙና ካዩ አሳምረው ይሠሩታል። ሞቶሩ የሚችለው ጠቅላላ ጭነት በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞቶሮች ነጂው ራሱ ተቆጥሮ ከ150 ኪሎ አይበልጥም። እንግዲህ ሦስት ሰው የሚጭኑት ሂሳቡን ያወራርዱት።

አራተኛው የእግርና የሞተር መከላከያ ብረት ነው፤ አምስተኛው መብራት ነው። ማታ ላይ በየመንገዱ ከብት አለ፤ ጅብም አለ። ይሁን እንጂ የትንሽ ሞቶር ኤሌክትሪክ አመንጪ ኀይሉ አነስተኛ ነው። የመኪና ፓውዛ ቢቀጥሉበት ባትሪው ይሞታል። በጥቂት ዋት ብዙ ብርሃን የሚሰጡት ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉት ይሻላሉ። ገመዱም በፊውዝ ይታሰር፤ ፊውዝ የሌለበት ገመድ እሳት ነው።

ስድስተኛው ለዳገት የሚሆን ለውጥ ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ያንኑ ያህል ኀይል ያጣል። የጎሬ ሰው «ሞቶሬ ደከመ» ሲል የደከመው አየሩ ነው። ለዚህ ቀላሉ መድኀኒት በፊተኛው የሰንሰለት ፒኞን ላይ አንድ ጥርስ መቀነስ ነው። 15 ጥርስ የነበረውን በ14 ቢለውጡት ጎማውን የሚገፋው ጕልበት በ7 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል። ጭነት ለሚያበዛ ሰው ትርፍ ነው፤ ሜዳ ለሜዳ ለሚሮጥ ግን ኪሳራ ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞቶር በከፍታ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላውን ፈትተው ይዩት። ጥቁር ጥላሸት ካለበት ነዳጁ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነ ደግሞ ልክ ነው። ለቡና አገር ሰው ይህን ቀለም ማስተማር አያሻም።

የማይረቡ ጌጦች

ማርሚታውን ቀዶ ድምፁን ማስጮኽ ጕልበት የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። የሚጨምረው የጎረቤት እርግማን ነው። የጭሱ መውጫ ከሞተሩ ጋር ተመዛዝኖ የተሠራ ስለሆነ ሲቀደድ የነዳጁና የአየሩ ልክ ይዛባል። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ከዚህ ይብሳል፤ የበጋው አቧራ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባና በአምስት ሳምንት ትዕግሥት የተስማማውን ፋሻ ይፈጨዋል። ይልቅስ ፊልትሮውን በበጋ ቶሎ ቶሎ ያጽዱት። ከመሪው የሚንዠረገግ ዘርፍና የሚብለጨለጭ ተለጣፊ ምርጫ ነውና አልከለክልም፤ ግን ሄልሜት ሳይገዛ ዘርፍ የሚገዛ ሰው ኮርቻ ሳይኖረው መርገፍ የገዛን ሰው ይመስላል።

ሌላው ጌጥ ያልሆነው ግዴታ ሕጋዊ ወረቀት ነው። ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ደግሞም በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋል። መድኑ ለፖሊስ የሚታይ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ሕፃን ቢገጩ ለሕፃኑ ቤተሰብ የሚደርስ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሊነዱ ያሰቡም በዋና ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሞቶር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መጣሉን አስታውሰው ከመነሣታቸው በፊት የወቅቱን ደንብ ይጠይቁ።

ወደ ረጅሙ መንገድ

ሞቶሩም ሰውየውም ከተገሩ በኋላ የኢሉባቦር አገር የሚታየው ከሞቶር ላይ ነው። ከመቱ ተነሥተው በሁሩሙ በኩል ወደ ያዮ ሲያመሩ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም የሕይወት ክልል መዝገብ ያሰፈረውን የያዮን የቡና ደን ያገኛሉ። በዚያ ደን ቡናው ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። በጥላው ውስጥ መንገዱ ዝናቡ ካባራ በኋላም እርጥብ ሆኖ ይቆያልና ፍጥነት ይቀንሱ። ከዚያ አልፈው ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ወደሆነችው በደሌ ይደርሳሉ። በደሌ በቢራ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ ቢራው ግን ለአውቶቡስ ተሳፋሪ እንጂ ለሞቶር ነጂ አይሆንም።

በሌላው አቅጣጫ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ሲወርዱ የአባቶችን የቡና መንገድ ይከተላሉ። ከ2000 ሜትር ተነሥተው ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እንቢ ይለዋል። ዳገቱን የሚወጡበትን ማርሽ ይዘው ይውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ልጓም ይሆናል። ታች ሲደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የዘይቱን ልክ ይዩ፤ ለራስዎም ውኃ ይጠጡ።

ለእንዲህ ያለ መንገድ በመያዣው ውስጥ የሚከተሉት አይታጡ፤ የካንዴላ መፍቻና አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ትርፍ ካላማዳሪና መለጠፊያ፣ የእጅ መንፊያ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ለፍሪሲዮንና ለነዳጅ የሚሆን ትርፍ ገመድ፣ ሽቦ፣ የዝናብ ካፖርትና ቦቲ ጫማ። ጎሚስታ በሌለበት ሥፍራ ጎማ መለወጥን አስቀድሞ በቤት ደጅ መለማመድ ይገባል። በጭቃ ውስጥ፣ ማታ፣ በባትሪ ብርሃን ለመማር መነሣት ተማሪ ፈተና አዳራሽ ገብቶ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ያለ ነው።

ትልቅ ሞቶር ስለሌለኝ ይህ ሁሉ ለእኔ አይደለም የሚል ይኖራል። ቴድ ሳይመን የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በ1973 እ.ኤ.አ. ከለንደን ተነሥቶ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ዞረ። ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አገራችንን አቋርጦ ወደ ኬንያ ወረደ። ጉዞው አራት ዓመት የፈጀ ሲሆን የተጓዘው 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞቶሩ በዚያ ዘመን ከነበሩት አዲስና ፈጣን ከሚባሉት አልነበረም፤ በየጊዜው ይበላሽም ነበር። ሰውየው ግን ድምፁን ለይቶ ያውቀዋል፤ ሲበላሽ ፈትቶ ይጠግነዋል፤ ቸኩሎም አይጋልበውም። ያደረሰው ይህ ዕውቀት እንጂ የሞተሩ ትልቅነት አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩ ከአንድ ሰው መደሰቻ ይሰፋል። በወረዳዎቻችን ውስጥ ለምርመራ የሚጠበቅ ትምህርት ቤት፣ ክትባት የሚጠብቅ ሕፃን፣ የቡና በሽታ የገባበት ማሳ አለ። ወደነዚህ የሚደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ በሞቶር የሚሄድ ወጣት ነው። ሞቶሩ ጋራዥ ከተኛ ክትባቱም ይዘገያል፤ ወጣቱ ሆስፒታል ከተኛ ደግሞ የእናቱ ቤት ምሰሶ ይወድቃል። እንግዲህ አዲስ ሞቶር የሚገዙ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት እንደ ትምህርት ዘመን ይቍጠሯቸው። መመሪያውን ያንብቡ፤ ዘይቱን በጊዜው ይለውጡ፤ ሄልሜቱን ይድፉ፤ ዕቃውንም በሥራ ቅደም ተከተል ይግዙ። ከዚያ በኋላ ዳሪሙም ሆነ ጋምቤላ ይሂዱ፣ ደርሰው በደኅና ይመለሳሉ።